ኃይሉ አለ፣ መስመሩ ይታሰብበት፦ ከደብረ ማርቆስ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የተቃጠለ ዲናሞ ፈትቼ በአዲስ ሽቦ የምጠቀልል ሰው ነኝ። የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የእንጨት ሥራ ቤት ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የብየዳ ማሽን ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ጉዳዩ የብዙ ሰው ስለሆነ ነው ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት።

የምለው አንድ ነገር ነው። ንጹሕ ኃይል በማመንጨት በኩል አገራችን ሩቅ ሄዳለች። አሁን ሥራው ያለው ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ምጣዱ ባለው መስመር ላይ ነው። ይህ መስመር ለሚመጣው ጊዜ ካልተዘጋጀ፣ የጭስ ልቀታችንን ዜሮ እናደርጋለን የሚለው ዕቅድ ጎጃም ሲደርስ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። እኛም እንደ ሌላው ኢትዮጵያዊ ቦንድ ገዝተንበታል፣ ከደሞዝ አስቆርጠንበታል። ገበሬው እህል ሸጦ አዋጥቶበታል። ከዚያ በፊት በ2002 የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ይዞ መጥቷል። ከበለስ ተነሥቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚሄደው የ400 ሺህ ቮልት መስመር የሚያልፈው እኛው ማሳ ላይ ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ የቀረውም ቢሆን በአብዛኛው ነፋስ ነው። ሌሎች አገሮች የድንጋይ ከሰል ማመንጫቸውን እንዴት እንደሚዘጉ ገና ይጨነቃሉ። እኛ ያ ጭንቀት የለብንም። የእኛ የኃይል ጭስ የሚወጣው ከማዕድ ቤት ነው፣ ከናፍጣ ወፍጮ ነው፣ ከወንዝ ዳር የውሃ ሞተር ነው፣ ከመኪና ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2050 የተጣራ ልቀትን ዜሮ ለማድረግ የረጅም ጊዜ ስትራቴጂ አውጥቷል። እኔ የማምንበት ዕቅድ ነው። ግን እነዚህ አራቱ ጭሶች የሚጠፉት ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞሩ ነው፣ ሁሉም ሲዞሩ ደግሞ የሚያርፉት በአንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ነው።

ከምጣዱ ልጀምር፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ይህ ማለት ባለ10 ዋት አምፖል 350 በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። አሁን አንድ የሰፈር ትራንስፎርመር እንውሰድ፣ 100 ኪሎ ቮልት አምፒር የሚባለውን፣ በትንንሽ ከተሞቻችን ብዙ የሚታየውን። ጥሩ ቢሠራ 90 ኪሎዋት ያህል ያወጣል። ሲካፈል ሃያ አምስት ምጣድ ነው። ሌላ ምንም ሳይነሣ፣ አምፖል ሳይበራ፣ ቴሌቪዥን ሳይከፈት፣ ወፍጮ ሳይዞር፣ ሃያ አምስት ምጣድ ብቻ! በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ግን ከመቶ በላይ ቤት ተንጠልጥሎ ማየት ብርቅ አይደለም። በተራው ቀን ሰው በተለያየ ሰዓት ስለሚጋግር ይገፋል። የፋሲካ ዋዜማ፣ የገና ዋዜማ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ግን ሁሉም ቤት አንድ ላይ ይጋግራል።

እዚህ ላይ የሚሆነውን ከዲናሞ ጋር የሚውል ሰው ያውቀዋል። ትራንስፎርመሩ ቶሎ አይጠፋም፤ መጀመሪያ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 መሆን የነበረበት 180 ይሆናል፣ ከመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት ደግሞ 160 ይደርሰዋል። የምጣድ ጉልበት ከቮልቴጁ እኩል አይደለም የሚቀንሰው፣ በካሬው ነው። በ160 ቮልት የሚሠራ ምጣድ የሚሰጠው ሙቀት ከሚገባው ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት ምጣዳቸው ተበላሽቶ መስሏቸው ጠርተውኝ ነበር። «ልጄ፣ ይኼ ምጣድ ምን ነካው? ሁለቴ አሰስኩት፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ አለኝ» አሉኝ። ምጣዱ ደህና ነው። ሶኬቱ ላይ ስለካው 160 ቮልት ነው። ምን ልበላቸው? እሳቸውም የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ሊጡ እንዳይኮመጥጥባቸው እንጨት አነደዱ።

ክቡር ሚኒስትር፣ የደብዳቤዬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ያ ቤት በቆጠራ ሲታይ መብራት የገባለት ቤት ነው። ቆጣሪ አለው፣ ካርድ ይሞላል፣ ምጣድ ገዝቷል። በሪፖርት ላይ ከማገዶ ወጥቷል። ማዕድ ቤቱ ግን ከነጭሱ አለ። በ2011 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉም ሰው መብራት እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው በመስመር 35 በመቶው ከመስመር ውጭ እንዲሆን አቅዶ ነበር። ቆጣሪ መቁጠር ጥሩ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ስንት ቤት እንደተገናኘ ብቻ ሳይሆን ስንት ቤት በመጋገሪያ ሰዓት ከ200 ቮልት በላይ እንደሚያገኝ ይቆጠር።

ትራንስፎርመሩም ዝም ብሎ አይሸከምም። ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ዘይቱ ይሞቃል፣ መዳቡን የሸፈነው ወረቀት ይከስላል። ወረቀቱ ከተፈቀደለት ሙቀት በላይ 6 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የማርጀት ፍጥነቱ በእጥፍ ይጨምራል። ለሠላሳ ዓመት የተሠራ ዕቃ በጥቂት ዓመት የሚቃጠለው ለዚህ ነው። በተቃጠለ ጊዜ ደግሞ መለዋወጫ እስኪመጣ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው፣ ከሰል ነው፣ ጄኔሬተር ነው። በዚህ ላይ ዘይቱንና የመሬት ሽቦውን የሚሰርቁ አሉ፤ ይህ የእኛው የነዋሪዎች ጥፋት ነው፣ እኛው ልንጠብቀው ይገባል።

ስለ ዲናሞም አንድ ነገር ልበል። የተቃጠለ ሞተር ስፈታ ኮይሎቹን (የተጠቀለሉትን ሽቦዎች) እያየሁ መስመሩ ላይ ምን እንደተፈጠረ ማወቅ እችላለሁ። ባለሦስት ፌዝ ሞተር (ፌዝ ማለት ኃይል ይዞ የሚመጣው አንዱ ሽቦ ነው) በስታር የታሰረ ከሆነ፣ ማለትም የሦስቱ ኮይሎች አንድ አንድ ጫፍ አንድ ላይ ከተገናኘ፣ እና የሁለቱ ፌዝ ኮይል ጠቁሮ የአንዱ አዲስ እንደመሰለ ከቀረ፣ ሞተሩ አንድ ፌዝ ጎድሎበት ሲሠራ ነው የተቃጠለው። በዴልታ፣ ማለትም ኮይሎቹ ጫፍ ለጫፍ እንደ ሦስት ማዕዘን ተያይዘው፣ የታሰረ ከሆነ ደግሞ አንዱ ብቻ ይጠቁራል። ወይ ፊውዝ በልቷል፣ ወይ ሽቦ ላልቷል፣ ወይ ቅርንጫፍ ነክቶታል። ሞተሩ በሁለት ፌዝ መዞሩን ስለማይተው ባለቤቱ ሽታ እስኪመጣበት አያውቅም። ሦስቱም አንድ ላይ ከጠቆሩ ብዙ ጊዜ ቮልቴጅ ወርዶ ነው፣ ሞተር ቮልቴጅ ሲያንሰው ያንኑ እህል ለመፍጨት ብዙ አምፒር ይስባልና። የምጠቀልለው ሞተር አብዛኛው ከእነዚህ የአንዱ ሰለባ ነው። ባለወፍጮዎቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? የናፍጣ ሞተሩን ሳይሸጡ ያስቀምጣሉ። ናፍጣ ውድ ነው፣ ይጠፋልም፤ ግን ሲገኝ ያስፈጫል። ሰው ከናፍጣ የሚላቀቀው የሚያምነው መስመር ሲያገኝ ነው። (እግረ መንገዴን ለባለሞተሮች፦ ፌዝ ሲጎድል በራሱ የሚያጠፋ ሪሌ ከጥቅለላ በጣም ይረክሳል፣ አስገቡ።)

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሁሉም ነገር ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። አንዳንዱ የሰው ጊዜና ክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን አቅፎ አምፒር የሚለካው መሣሪያ፣ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በየሰፈሩ ቤት ሲገናኝ ለሠራተኛው የቀለለው ሽቦ ላይ ይታሰራል። በዓመታት ውስጥ አንዱ ፌዝ ላይ ሰባ ቤት፣ ሌላው ላይ ሃያ ቤት ይሆናል። ትራንስፎርመሩ አቅም እያለው አንዱ ፌዝ ይሞታል፣ ሌላው ይተርፋል። በመጋገሪያ ሰዓት ሦስቱን ፌዝ ለክቶ ቤቶቹን እኩል ማካፈል የአንድ ቡድን የቀናት ሥራ ነው። ትራንስፎርመሩ ራሱ ላይም ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፣ ኃይል ተዘግቶ በእጅ የሚዞር። ስንቱ ከተተከለ ጀምሮ አልተነካም? ኒውትራሉም፣ የሦስቱም ፌዝ የጋራ መመለሻ ሽቦ፣ አብሮ ይታይ፤ ኒውትራል የተበጠሰ ቀን አንዱ ቤት ደብዝዞ ሌላው ቤት ሦስት መቶ ምናምን ቮልት ይገባበትና ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይነዳል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ገንዘብ የሚጠይቀው ነው። ረጅሙ የ15 ሺህ ቮልት መስመር ወደ 33 ሺህ ይደግ። ለምን እንደምል በቁጥር ልናገር። ያንኑ ኃይል በ33 ሺህ ስትልከው ሽቦው ላይ የሚሄደው አምፒር ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ በሽቦው ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ደግሞ በአምፒሩ ካሬ ስለሆነ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። በዓባይ ውሃ የመነጨ ኃይል ደጀንና ብቸና መሐል ሽቦ ሲያሞቅ ከሚቀር፣ ደብረ ወርቅ ምጣድ ቢያሞቅ አይሻልም? ገደል በበዛበት አገር፣ ቤትና ቤት በተራራቀበት ገጠር፣ የመስመር ርዝመት ትልቁ ጠላት ነው። መስመሩም በአንድ በኩል ብቻ የሚመጣ ባይሆን፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ ሞጣና ብቸና በሁለት በኩል ቢገናኙ አንዱ ሲበጠስ በሌላው ይበላሉ። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ ፋብሪካ ደግሞ ጄኔሬተር አስነሥቶ ምርቱን አረንጓዴ ነው ሊል አይችልም።

ምሰሶውም ይታሰብበት። የጎጃም ባሕር ዛፍ ጥሩ እንጨት ነው፣ ገበሬውም ይጠቀምበታል፣ ግን አፈር የነካው ቦታ ይበሰብሳል። ሐምሌ ላይ ነፋስና ዝናብ ሲመጣ አንዱ ወድቆ ሦስቱን ይዞ ይወርዳል። ዋናው መስመር ላይ የኮንክሪት ይሁን። የእኛ ደጋ መብረቅ የሚበዛበት ነው። ትራንስፎርመር ላይ የመብረቅ መከላከያ ቢሰቀልም መሬት የሚወርደው ሽቦው ከተሰረቀ ጌጥ ነው። ከክረምት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ አንድ ጊዜ ሁሉም ቢታይ ስንት ትራንስፎርመር ይተርፍ ነበር።

አሁን ወደሚመጣው ነገር ልሂድ፤ ዝግጅት ማለት እኮ ለሚመጣው ነው።

በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዓለም ቀዳሚ የሆነ ውሳኔ ነው። መኪኖቹ ለጊዜው አዲስ አበባ ይበዛሉ፣ ነገር ግን መምጣታቸው አይቀርም፤ ባጃጁም ይለወጣል። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ቤት ውስጥ ሲሞላ የአንድ ወይም የሁለት ምጣድ ያህል ይስባል፣ እሱም ለሰዓታት። መንገድ ላይ የሚሞላው ፈጣን ቻርጀር ደግሞ አንዱ 60 ኪሎዋት ቢሆን እንኳ ቅድም ካልኩት ትራንስፎርመር ሁለት ሦስተኛውን ብቻውን ይበላል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መሐሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ፣ መውረዱ ባትሪውን ትንሽ ቢመልስም መውጣቱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ደጀን ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ቡሬ ወይም እንጅባራ ላይ ቻርጀር መቆሙ አይቀርም። ሲቆም የራሱ ትራንስፎርመር ይኑረው። ከሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ተቀጥሎ የእናቶቻችንን ምጣድ የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ሕዝቡ መኪናውን ይጠላዋል፣ ፍርዱም ትክክል ይሆናል።

መስኖው ሌላ ነው። የቆጋ መስኖ ሲሞላ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፣ ውሃው በራሱ ይወርዳል። ነገር ግን በጨሞጋ፣ በተምጫ፣ በብር ወንዝ ዳር ያለው ገበሬ ውሃ የሚስበው በቤንዚንና በናፍጣ ሞተር ነው። በጋ ላይ ስንዴውና ሽንኩርቱ ውሃ በሚጠማበት ወቅት ነዳጅ ፍለጋ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ደስ የሚለው ነገር ውሃ የሚፈለግበት ወቅትና ፀሐይ የሚበረታበት ወቅት አንድ መሆኑ ነው። የፀሐይ ፓምፕ ባትሪ አያስፈልገውም፣ ፀሐይ ስትወጣ ይስባል፣ ስትገባ ይቆማል። መስመር ቅርብ የሆነበት ቦታ ደግሞ ፓምፑ ከመስመር ይሥራ፣ ግን ሌሊት ወይም ረፋድ ላይ፣ ሰው በማይጋግርበት ሰዓት። የግብርና ቢሮው ፓምፕ ሲያከፋፍል የመብራቱ ቢሮ የማያውቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚያውቀው ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ካርታ ላይ እንዲያቅዱ ማድረግ የእናንተ ሥልጣን ይመስለኛል።

የፀሐይ ነገር ከተነሣ፣ ሁሉንም ከውሃ ብቻ መጠበቅም ያሰጋል። ዝናብ ባነሰ ዓመት ግድቡ ያንሳል። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ወፍጮ ቤት ጣሪያው ላይ ፀሐይ ቢተክልና የተረፈውን ወደ መስመሩ ቢመልስ፣ የተመለሰውም ከሒሳቡ ቢቀነስለት፣ ከመስመሩ ጫፍ ያለው ቮልቴጅ ቀን ቀን ይደገፋል። ለዚህ ግልጽ ደንብና ሁለት አቅጣጫ የሚቆጥር ቆጣሪ ያስፈልጋል። ቴክኒሻኑን ደግሞ እዚሁ አሠልጥኑ፤ ልጆቹ አሉ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁም አለ። መብራት ሲጠፋ የፀሐዩ ኢንቨርተር (የፀሐዩን ኃይል ለመስመሩ እንዲስማማ የሚለውጠው ዕቃ) ወደ መስመሩ ኃይል እንዳይልክ አብሮ ይታሰብ፣ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ይሞታልና።

በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ያለው ቆላ፣ በባሶ ሊበን፣ በሸበል በረንታ፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወደ ገደሉ የወረደው ቀበሌ፣ ዋናውን መስመር እየጠበቀ ዕድሜው አይለቅ። ለእነሱ የፀሐይ ሚኒ ግሪድ፣ ከዋናው መስመር ውጭ ለአካባቢው ብቻ የሚሆን ትንሽ መስመር፣ ይሁን። ሲሠራ ግን ለአምፖልና ለስልክ ብቻ አይሁን፣ ወፍጮ የሚያዞር ይሁን። አንዲት ሴት እህል ተሸክማ ገደል የምትወጣው ለወፍጮ እንጂ ለአምፖል አይደለም።

ስለ ከሰልም ሳልናገር ባልፍ ጎጃምን አላውቅም ማለት ነው። አዊ ውስጥ በፋግታ ለኮማና አካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ፣ አሳድጎ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። ልጆቹን ያስተማረበት፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰበት ነው። ከተማው ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር ይህ ገበያ ይጠባል። ገበሬው ዛፉን በሌላ መልኩ የሚሸጥበት፣ ለጣውላም ለሌላም፣ አብሮ ይዘጋጅለት፤ እሱ ሲጎዳ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ሽግግር እኔ አልደግፍም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ይጨምራል፣ ለአራት ዓመት የታቀደ ነው። እንከፍላለን። ኃይል ወደ ጎረቤት አገሮች ይሸጣል፣ እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ለሚያመርቱ የዳታ ማይኒንግ ድርጅቶችም ተሽጧል፤ እነሱ ብዙ ኃይል በትልቅ መስመር በአንድ ቦታ ስለሚወስዱ የሰፈር መስመር ሳይጠይቁ ገንዘብ ያስገባሉ። መጥፎ አይደለም። ከዚህ ገቢ የታወቀ ድርሻ ለማከፋፈያ መስመር ይመደብ፣ ምን ያህሉ ለየትኛው ወረዳ እንደዋለም ይነገረን። እህሉ ጎተራ ሞልቶ ወፍጮ ቤት የሚያደርሰው አህያ ከሌለ ቤተሰቡ ጾሙን ነው የሚያድረው።

ሽቦውን የሚዘረጋው፣ ታሪፉን የሚያጸድቀው ሌላ ሌላ መሥሪያ ቤት መሆኑን አውቃለሁ። ለእናንተ የጻፍኩት ፖሊሲውን የምታወጡትና ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የምትችሉት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። በአካባቢያችን ያለው የጸጥታ ችግርም አይጠፋኝም። መንገድ ሲዘጋ ጠጋኝም ዕቃም አይደርስም፣ ለሥራ የወጣ ሠራተኛም ነፍሱን ይዞ ነው የሚወጣው። ቢሆንም መብራት የሁሉም ነው። መለዋወጫ ትራንስፎርመር፣ ሽቦና ፊውዝ ከአዲስ አበባ እስኪጫን ከመጠበቅ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር ላይ ተከማችቶ ቢቀመጥ መንገድ በተከፈተ ሰዓት ይደርሳል። መለካቱና ዕቅዱም ሰላሙ ሙሉ እስኪሆን መቆየት የለበትም።

አንድ ከተማ መርጣችሁ ጀምሩ። ደብረ ማርቆስ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ግን ደምበጫም ይሁን ብቸና ግድ የለኝም። የከተማው ትራንስፎርመር ሁሉ ይቆጠር፣ ጭነቱ ይለካ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይለጠፍ፤ የትኛው ሰፈር ስንት ምጣድ እንደሚችል፣ የትኛው ከአሁኑ እንዳለቀለት ሰው ይወቀው። አዲስ ሲተከልም በአምፖል ሒሳብ ሳይሆን በምጣድ ሒሳብ ይተከል። እኛ የሙያው ሰዎች የምናውቀውን ለማሳየት፣ መሰላል ተሸክመን አብረን ለመዞር ፈቃደኞች ነን። የምጠይቀው ልኬቱ በበዓል ዋዜማ እንዲሆን ነው፣ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ፣ ከመስመሩ ጫፍ ባለው የመጨረሻው ቤት ቆጣሪ ላይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዲናሞ ጠቅላይ፣ ደብረ ማርቆስ